ከዜሮ እስከ አሥር

ጊሬሱን ዘንቦባት፣ ባሕሩም ጠቁሮ፣
ሃይሪዬ መጣች፣ ጉንጯ ባንድ በኩል ተወጥሮ።
ፍንዱክ የሚሏትን ድንቡሽ የዛፍ ለውዝ
በመንጋጋዋ ነው ስልሳ ዓመት የፈለጠችው፤ ድንጋይ ማን ይያዝ?
"መዶሻ ለሰነፍ" አለችኝ፤ ሳቀች፤ ሳቋ ተሰበረ፤
ግራ ታችኛው ጥርስ፣ እስከ ሥሩ የተቦረቦረ።

አደነዘዝኳት። ከሦስቱ ቦዮች ነርቩን መዝዤ አወጣሁ፣
የቀይ ክር ቁራጭ። አጠብሁ፣ አደረቅሁ።
ከዚያ ማሸጊያው። ትሪው ላይ ሁለት ሲሪንጅ ተጋድሟል፦
አንዱ የሙጫ ዘር፣ መምህሬ ዕድሜውን ሁሉ ምሎበታል፤
ሌላው የሸክላ ዘር፣ አዲስ ነው፣ ሦስት እጥፍ ነው የሚያስከፍለው፣
እርጥበት ይበልጥ ያጠነክረዋል፣ እንደዚህ ባሕር ዳር ሰው።
"ማንኛው ያማል?" ለሚል ጥናት ፈርሜ ነበርና
ምርጫው የእኔ አልነበረም፤ ፖስታ ቀደድሁ፤ ያዘዘኝን ሞላሁ፣ በጥሞና።

ወረቀት ሰጠኋት፤ አንድ ቀጭን መስመር፣ በዚህ ጫፍ ዜሮ፣ በዚያ አሥር፤
"ዛሬ ማታ፣ ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ በሠልስቱም፣
ምልክት አኑሪ፣ በእስክሪብቶ፣ ከመስመሩ ሥር።"
"ነርቩን ካወጣሽው፣ ታዲያ ማነው የሚያመኝ?"
ሟቹ ዝም ብሏል፤ ጎረቤቱ አጥንት ነው የሚያለቅሰው፣ ልላት አሰኘኝ።

ሌሊት ስልኬ ጮኸ።
"ዶክተር፣ ሰው ሲቸግረው ጥርሱን ነክሶ ያድራል።
እኔ ምኔን ልንከስ?"
ክኒን አልኳት። ትራስ ከፍ አድርጊ አልኳት። በረዶ በጨርቅ።
"ምን ሞላሽብኝ?" አለች። አውቃለሁ። ሕጉ ግን፦ አይነገራት፣ አትወቅ።
ስልኩን ዘጋሁ፤
ጥርሴን ነክሼ አነጋሁ።

ወረቀቷን አመጣች፣ ለውዝ ለውዝ የሚል።
ስምንት። አምስት። ሁለት።
መጨረሻው ላይ ምልክት የለም፤ ክብ ፍንዱክ ስላለች፣
ከነልጣጯ፣ ከዜሮው በስተግራ፣ ከመስመሩ ውጭ።
"ላስምርበት ብዬ ፈልጌ አጣሁት" አለችኝ።
ለክቧ ሠንጠረዤ ሳጥን የለውም።

ኅዳር ሲጋመስ መቶ ሰው ተደመረ፣ ተካፈለ፤
ልዩነቱ፣ ያውም ጥቂት፣ የመጀመሪያው ሌሊት ላይ ብቻ ነው ተባለ።
ሸክላው ትንሽ ይራራል፣ በአማካይ።
ማን ነው ያን ሌሊት በአማካይ ያደረ?

ለሃይሪዬ ነገርኳት፦ "ያንቺ ሸክላው ነበረ።"
"ውዱ?"
"ውዱ።"
"ውድ ነገር መች ሳያሳምም ይገባል" ብላ ተነሣች፤
በሩ ጋ ቆም አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦
"መዶሻ የት ይሸጣል?"