ባላው ላይ የዘገየችው

በስትራስቡርግ ጥር፣ ሌሊቱ ሲጋመስ፣
ባዶ ትራም ብቻ ደወል እያሰማ ማደሪያው ሲመለስ፣
ኢል ወንዝ አራት ሆኖ ከማማዎቹ ሥር በጨለማ ሲፈስ፣
እኔ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከማጉያው ፊት ጎብጬ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣
ከጸጉር በቀጠነ ቦይ ዳር ተቀምጫለሁ፣ የደም ዘበኛ ሆኜ።

ደሙ የኦዲል ነው።
ማታ ከመውጣቷ በፊት ጣቷን በመርፌ ወግታ፣
«ያሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ደም ስትቆጥር ከረምክ፤
ዛሬ የአሮጊቷን እይ» አለችኝ፣ የበሩን መብራት አጥፍታ።

ሠላሳ አንድ ዓመት እዚህ ቤት ብርጭቆ አጥባለች፤
እነዚህን ቦዮች በሲሊኮን ላይ በገዛ እጇ ቀርጻለች፤
ብርድ ሲገባ ግን ሌባ ጣቷ እንደ ጧፍ ይነጣል፣
ሙቅ ውኃ ቢነክሩት እንኳ ለመቅላት ይዘገያል፤
ደሙ እንደ ተቀየመ ዘመድ፣ ጎራ ሳይል በደጁ ያልፋል።

እነሆ መጡ።
መሀላቸው ስርጉድ፣ ዙሪያቸው ወፍራም፣ እንደ ሰፌድ የተሠሩ፣
ሲጠባቸው ተጣጥፈው፣ ሲሰፋቸው ተዘርግተው፣ አንድ ባንድ ሲሰደሩ፣
ግድግዳውን ሸሽተው፣ መሀል መሀሉን ይዘው፣
መንገድ መንታ ከሚሆንበት ባላ ደረሱ፣ ማንንም ሳያማክሩ።

ግራው ፈጠን ይላል። ቀኙ ያዘግማል።
ልዩነቱ ከቁብ አይቆጠርም፤ ለእነሱ ግን ይበቃል።
ከመቶው ሰማንያው ወደ ፈጣኙ ይነጉዳል፤
ባላ በባላ ላይ ሲደረብ፣ ቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲወልድ፣
ላዘገመው የሚተርፈው የዳር ዳሩ ፈሳሽ ነው፣
ቢጫ ቢጤ፣ ገርጣታ፤
አይቡ ለአንዱ ወጥቶ፣ አጓቱ ለሌላው።

ላለው ይጨመርለታል የሚለውን ቃል
ከመጽሐፍ ብቻ የሰማሁት ይመስለኝ ነበር፤
ለካ ቧንቧም ያውቀዋል።

የፈረደ ዳኛ የለም። ስም የጠራ የለም።
እያንዳንዷ የሳባትን ትከተላለች እንጂ
እኅቴን ልግፋ ያለች አንዲትም የለችም።

ዓይኔን ላሳርፍ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።
በቆዳ ፋቂዎች ሰፈር በኩል ያለው ቦይ በረዶ ጋግሮ ተኝቷል፤
ዋናው ግን እያጉረመረመ፣
የተጣለ የገና ዛፍ፣ ጠርሙስ፣ አንድ የሕፃን ጓንት ተሸክሞ
ወደ ወፍጮው በር ይሮጣል።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ላይ
አንዲት ከሰልፉ ፈንጠር ብላ መጣች፤
ከባላው ጫፍ ላይ አረፈች፤
ግማሿ በግራ፣ ግማሿ በቀኝ፣
እንደ ስልቻ ባህያ ጀርባ፣ ተንጠልጥላ ቀረች።
ግራው ይስባታል። ቀኙም እንዳቅሙ ይጎትታታል።
አንድ ትንፋሽ ቆየች። ሁለት። ሦስት።
(ዕድሜዋ መቶ ሃያ ቀን ለሆነ ፍጥረት
ሦስት ትንፋሽ ስንት ይሆን? ማስላት ጀምሬ ተውኩት።)
ከኋላ የመጡት፣ የግራው አፍ ጠቧቸው፣
ተገፋፉ፣ አጎነበሱ፤
ሦስቱ በቀኝ ሾለኩ፤ ከዚያ ደግሞ አራት፤
ያ አጓት ብቻ የሚጠጣው ቦይ
እንደ አፈረ ሰው ፊት ቀላ።

ርኅራኄ አልለውም። ሕዋስ አታዝንም፤
ግራ መጋባትም ልብ ይጠይቃል፣ እሷ የላትም።
ተንጠለጠለች፤ በቃ።
ከዚያ ተንሸራታ፣ እሷ ራሷ፣ በፈጣኙ ሄደች።

የፕሮፌሰሩ መመሪያ ከግድግዳው ላይ ተለጥፏል፦
«የዘገዩ ሕዋሳት ሒሳብ ያበላሻሉ፤ ይሰረዙ።»
ጣቴን ከመሰረዣው ቁልፍ ላይ አሳርፌ
እኔም እንደሷ ዘገየሁ።

ጠዋት ኦዲል ከትከሻዋ በረዶ እያራገፈች ገባች።
ጓንቷን ስታወልቅ ሌባ ጣቷ ነጭ ነው።
«ስንት ደረሰው፣ ያ ሰነፍ ቦይ?»
«ሰባት» አልኳት።
ጣቷን ከአፏ አስጠግታ እፍ እፍ እያለች፣
«ሰባት ለአንድ ሌሊት አያንስም» አለች፤
ብርጭቆ ልታጥብ ሄደች።