አመድ አፋሽ

አባቴ ቀጥቃጭ ነው። ወለቃ፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣
ማረሻ ሲስል ነው የኖረ፣ ከወናፉ ጋር ተዋዶ።
እኔ አዘዞ ወረድኩ፣ ከጡብ ፋብሪካው እቶን፤
አካፋ አስጨበጡኝና «አመዱ ያንተ ይሁን።»
የሰፈር ሰው ተረት አያጣም፣ ምላሱ ላይ ያድርለታል፤
«ይኸው» አሉ፣ «እሳት አመድ ይወልዳል።»

አዛናው ነው ያስተማረኝ፣ አሥር ዓመት ከምድጃው ሥር የኖረ፣
ሳይስል የማይስቅ፣ ሳይስቅም ያልነበረ።
«ትኩሱን አትመን» ይለኛል፣ «ላዩ ግራጫ ቢመስልም፣
ሆዱ ፍም ያረገዘ ነው፣ ሦስት ቀን አይበርድም።
ውኃ ካናቱ አትድፋበት፣ በእንፋሎቱ ይልጥሃል፤
ከጎኑ፣ በጣሳ፣ በቀስታ፣ እንደ ሕፃን ቢያጠጡት ይሰማል።
ጓሉን ለብቻው ልቀም፣ ብናኙን ለብቻው ጆንያ፤
ከጣና ነፋስ ሲነሣ አካፋህን ጣልና ቁም እዚያ።
የእንጨት አመድ ልብስ ያጥባል፣ ጓሮ ቢበትኑት ጎመን ያወፍራል፤
ይህ ግን፣ ከጭልጋ ጉድጓድ የወጣው፣ ያደረበትን ይበላል።»

ሥራ አስኪያጁ ግን ቸኩሏል። ለመኪና ነዳጅ አይከፍልም።
«ወንዙ ዳር ድፉት» አለ፣ «አመድ ነው፣ ማንንም አይገድልም።»

ደፋን።
ድማዛ ዳር ጉብታ ሆነ፣
ልጆች ሸርተቴ ተጫወቱበት፣
ፍየል ወጣችበት፣
አንድ ውሻም ሙቀት ፈልጎ ሌሊቱን ተኛበት፤
ጠዋት በሦስት እግሩ ሲሄድ አየሁት።

ሐምሌ ገባ። ሰማዩ እንደ እንስራ አዘቀዘቀ፤
ጉብታው በአንድ ሌሊት ቀልጦ ከወንዙ መሐል ዘለቀ።

በማግስቱ እንጉዳይ መጣች፣ ልብስ አጣቢዋ፣
ከሆቴል የተረከበችው አንሶላ በትከሻዋ።
አልጮኸች፣ አልተራገመች፣ ዘበኛውንም አላናገረች፤
አንሶላውን በበሩ ብረት ላይ ዘርግታ አሠረች።
ነጭ ነበር።
አሁን አመድማ፣ እንደ ርግብ ጀርባ።
ሥራ አስኪያጁ አስፈትቶ
የማሽን ዘይት መጥረጊያ አደረገው።

«ተነሥ» አለኝ አዛናው። ሳቁ የለም፣ ሳሉ ብቻ።

ሦስት ሌሊት ቆፈርን፣ ከወንዙ ርቀን፣ ከቀይ አፈሩ ከፍታ፣
ወለሉን በሸክላ ጭቃ መርገን፣ ልክ እንደ ጎታ፤
ከጉብታው የተረፈውን በጆንያ፣ በባሬላ፣ በጀርባ
አጋዝነው፣ ማንም ሳይከፍለን፣ የቀን ተረኛ ሳይገባ።
እያረጠብን፣ እየረገጥን፣ በየስንዝሩ አፈር አለበስነው።
«እንደ ሬሳ» አልኩት።
«አይደለም። ሬሳ አይመለስም።
ይህን ብንረሳው ይመለሳል፤ ለዚህ ነው የምንረግጠው።»

በጥቅምት ሳሉ ጸናበት፣ ቤቱ ዋለ።
ከመውጣቱ በፊት ጓል ወቅጦ፣ ከኖራና አሸዋ ለውሶ፣
አንድ ጡብ አበጅቶ ነበር፣ በዘይት ቆርቆሮ ቀርጾ።
ዛሬ ደጁ ላይ በርጩማ ነው። ስጠይቀው እሱ ላይ እቀመጣለሁ፤
ይስላል፣ ከዚያ ይስቃል። እኔም መሳል ጀምሬያለሁ።

ሰው ውለታው ሲበላበት «እጄ አመድ አፋሽ» ይላል፤
የኔ ተረት አይደለም፤ ከመዳፌ መሥመር ውስጥ ይታያል።
ሳሙና አይነካውም። እንጉዳይ እንኳ በእንዶድ ሞክራው
«ይህስ ከቆዳህ በታች ነው» ብላ ተወችው።

አባቴ አንድ ማታ መጣ፣ ከወለቃ፣ በእግሩ፣
ለማረሻ የሚሆን ቁራጭ ብረት ፍለጋ ነው፣ እንደ ነገሩ።
አጠገቤ ቆመ። ስዝቅ፣ ሳረጥብ፣ ስከምር አየ።
ጎንበስ ብሎ ከቀዘቀዘው ቆነጠረ፣
በሁለት ጣቱ ፈተገ፣ ወደ አምፖሉ አስጠጋ፣
ቀጥቃጭ ነውና፣ እሳትን ከሬሳው ያውቃል፦

«ደኅና ነዷል» አለ።

ሌላ ቃል አልወጣውም። ብረቱን አንሥቶ መንገድ ጀመረ፤
እጁን ሳያራግፍ ነበር የሄደው።