አልደረቀም

ለሠርጌ ነበረ ያዘዝኩት ሥዕሉን፤
ደቻቱን፣ ድልድዩን፣ የአሥራ አንድ ሰዓት ፀሐዩን፣
ከአሸዋው ዳር ደግሞ ፈትሂያን፣ እጮኛዬን።
ግማሽ ሂሳብ ከፈልኩ፤
"ለዒድ ና" አለኝ፤ ሄድኩ።

አብዶሽ ነው ሠዓሊው። ባቡሩ ሳይቆም በፊት
በፉርጎዎች ጎን ላይ ቁጥር ይጽፍ ነበር፤
ያኔ እጁ ፈጣን ነው፣ ባቡር አይጠብቅማ።
እኔን ግን "አልደረቀም" አለኝ።

በድሬዳዋ!
የታጠበ ሸሚዝ ገመድ ላይ ሳይወጣ
እጅ ላይ በሚደርቅበት!
"ቬንትሌተር ላምጣ?" አልኩት፤ ሥራዬ ነው፣ ጠጋኝ ነኝ፣
ታይዋን መግቢያው ላይ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ።
ሳቀ። "ቀለሙማ ደርቋል በማግስቱ፤
እኔ ነኝ ያልደረቅሁት።"

ሠርጉ አለፈ፤ ልጅ ወለድን፤ ሱቋም ሰፋ አለች።
በየዓመቱ፣ ሐምሌ ሲገባ፣ ብቅ እልበታለሁ።
ሸራው እዚያው ነው፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣
በቢላ የተፋቀው ቀለም እግሩ ሥር ረግፎ።
አንድ ዓመት አሸዋው ነጭ ነው፣
በሌላው የግመል ቆዳ ይመስላል።
"የቱ ነው ትክክሉ?" ስለው
"ሁሉም ልክ ነበር፤ ቀኑ ነው ያለፈው።"

ፈትሂያንም ደጋግሞ ሠራት።
መጀመሪያ ቀጥ ብላ፣ ሻሿ በንፋስ ተወጥሮ፤
ቀጥሎ እርጉዝ ሆነች፣ ሳይጠይቀኝ፣
ከገበያ ስትመለስ አይቷት ይሆናል፤
ኋላ ልጅ በጀርባዋ፤ ኋላ ወገቧን ይዛ።
ሙሽራይቱስ? "እዚያው ናት፣ ከሥር" አለኝ፣
በጥፍሩ ጫፍ ሸራውን ኳ ኳ አድርጎ፣
ሰው ያለበትን በር እንደሚያንኳኳ።

ያቃተው ውሃው ነበር።
ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፣ መንገድ ነው፣
ኳስ ሜዳ፣ የአህያ ማለፊያ ነው፤
ወንዝ የሚሆነው ለአንድ ሌሊት፣
ያውም ሰው ተኝቶ፣ ያውም መብራት ጠፍቶ።
ዘጠኝ ክረምት በረንዳው ላይ ወንበር አውጥቶ ጠበቀ፤
ሲጠብቅ አልመጣም፣
እንቅልፍ ሲወስደው መጣ።

ባለፈው ነሐሴ፣ እኩለ ሌሊት ላይ፣
ደጋው ዘንቦ፣ እኛ ዘንድ ግን ኮከብ ሞልቶ፣
እያጓራ ደረሰ።
ሰው አልወሰደም፤ እንደዚያኛው ጊዜ አይደለም፣
ስናነሳው ድምፃችን ዝቅ እንደሚለው።
አንድ አጥር፣ ሦስት ፍየል፣ የኔን የሱቅ መደርደሪያ፣
ከዚያ በአብዶሽ በር ገባ።

ጠዋት ጭቃውን እየረገጥኩ ሄድኩ።
ሸራው ቆሟል። እስከ ፈትሂያ ጉልበት ድረስ
ወንዙ ገብቶ ወጥቷል፤
ቡኒ መስመር አስምሮ፣ አንድ የሣር ቅጠል አጣብቆ።
ጨርቅ ይዤ ጎንበስ ስል እጄን ያዘኝ።
"ተው" አለ። "ዘጠኝ ዓመት እኔ..."
ሳይጨርሰው ዝም አለ።

ቀሪውን ሂሳብ ከኪሴ አወጣሁ፤
ለማን እንደምሰጠው ግራ ገብቶኝ ቆምኩ።
"ልውሰደው?" አልኩት።
"አልደረቀም" አለኝ።

በጣቴ ነካሁት።
እውነቱን ነው።