የመስኮት ሹም

ዘራፊው ሲገባ ደህና ደህናውን ጫነ፤
ለአሥራ አንዱ አሮጌ ንቀት ጋሻ ሆነ።
ጠፍጣፋው ስክሪን ሄደ፣ ፕሪንተሩ ሄደ፣
የበሩ እጀታ እንኳ ከነብሎኑ ሄደ፤
ባለ አንድ ጊጋ ሆዱ፣ ጀርባው የከበደ፣
ማን ይሸከመዋል? ጥግ ይዞ አቧራ ለመደ።

ከሮቢት ሽቅብ ነው፣ ጦሳ ግርጌ፣ ክፍላችን፤
መስታወቱ ረግፎ የማዳበሪያ ጆንያ ነው መስኮታችን።
ጉሙ በጠዋት ይገባል እንደ ተመዝጋቢ፣
ወንበር ይዞ ይቀመጣል፣ ዝምተኛ ታዛቢ።

አዲሱን ሲስተም ብጭንበት
ማራገቢያው ጮኸ፣ አቃሰተ፣
ሲሚንቶ እንደጫነ ኤፍኤስአር
ሐረጎ ወገብ ላይ ሞተ።

ኮምቦልቻ ደወልኩ፣ ለእንድሪስ፣
ለጨርቃ ጨርቁ ማሽን ጠጋኝ።
"ሊኑክስ ጫንበት፣" አለኝ፣
"ግን ሹሙን አይተህ ሹም፤
መስኮት ከፋች፣ መስኮት ዘጊ፣ ቦታ ሰጪ፣ ቦታ ነሺ።
እሱ ከከበደ ሌላው ቢቀል ምን ሊረባህ?"

የመጀመሪያው ሹም ሲያዩት ደስ ይላል፤
ጥላ አለው፣ ማዕዘኑ ክብ ነው፣ መስኮት ሲዘጋ እንደ ጭስ ይበናል፤
ግን ገና ሳይታዘዝ፣ አንድ ፊደል ሳይጻፍ፣
ስድስት መቶ ሜጋ በልቶ ያንቀላፋል።
"ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ይሉ የለ፤
ይሄኛው አይቆጨውም፣ ሲበላ ነው የዋለ።
ሻርኩት።

ሁለተኛው አይስ ይባላል፤ በረዶ ማለት።
ለደሴ ደግሞ በረዶ ልሾም? ብዬ ሳቅሁበት።
ደህና ሰው ነው ግን፤ አርባ ሜጋ ቀምሶ፣ አፉን ጠርጎ፣
ከታች አሞሌውን ዘርግቶ ይጠብቃል፣ ወገቡን ሸብ አርጎ።
ልሾመው ስል ማውስ ጠፋ።
ግምጃ ቤቱን ከፈትኩ፤
አሥራ አንድ ማውስ፣ አሥራ አንድ ቆራጣ ገመድ፤
አይጥ ማለት አይደል ስሙ? ክረምቱን ሙሉ በልቶታል የገዛ ዘመድ።
"በጀት የለም፣" አሉ ርዕሰ መምህሩ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፣
"አይጥ የበላውን አይጥ ይክፈል፣" በብርዱ እየሳሉ።

ሦስተኛው ጌጥ የለውም። ማውስ አይጠይቅም።
ጥቁር ባዶ ስክሪን፤ አይቆጣም፣ አይስቅም።
ዙልፋ፣ የዘጠነኛ ሐ፣ አፍንጫዋን ወደ ስክሪኑ አስጠግታ፣
"አልተነሳም እንዴ፣ መምህር?"
"ተነስቷል።"
"ታዲያ የታል?"
"ትእዛዝ እየጠበቀ ነው።"
"ሹም ሆኖ?" አለች፣ በሻሿ ጫፍ ሳቋን ገትታ።

ሁለት ቁልፍ አስነካኋት። አንድ መስኮት ወጣ፣ ሙሉውን ያዘ።
ደግማ ነካች፤ ፊተኛው እኩሌታውን ለቀቀ፣ ሳይነጫነጭ ታዘዘ።
ሦስተኛ መጣ፣ እንደገና ጠጋ፤
አራተኛ መጣ፣ ጠጋ ጠጋ፣
እንደ ሰኞ ገበያ ታክሲ፣ ማንም ማንንም ሳይረግጥ፣ ሳይዋጋ።

"እኛ ቤት ነው ይሄ፣" አለች ዝግ ብላ፣
"ዘመዶቻችን ከቆቦ የመጡ ጊዜ።
አሥራ ሰባት ሆነን በአንድ ክፍል።
እናቴ 'ጠጋ በሉ' ትላለች፣
እንጠጋለን፤
ሁሉም ይተኛል።"

ምን እላታለሁ? የማስታወሻውን ልክ አሳየኋት፦
ከሃምሳ አልበለጠም። ማራገቢያው ድምፁ የለም።

ዘጠኙ እንዲህ ተነሱ።
ሁለቱ እምቢ አሉ፤ ብሎናቸውን፣ ራማቸውን ለወንድሞቻቸው አወረሱ።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ትምህርት መሀል፣ መብራት ሄደ።
ዘጠኙም ጠቆሩ፤ ጉሙ ብቻ ከነወንበሩ ቀረ።
ዙልፋ የጆንያውን ጥግ ገልጣ ወደ ፒያሳ አየች፣
የሚታይ አልነበረም።
"ለዚህኛው መስኮትስ፣ መምህር፣ ማን ይሾምለት?"

መልስ አልነበረኝም።
ጫማዬን አወለቅሁና
የላላውን ሚስማር በተረከዙ ስመታ ቆየሁ፣
መብራት እስኪመጣ።