ጨው

መኪናዬን ሰቅሎ በብረት ክንዱ ላይ፣
«ግባ ከሥሯ» አለኝ ሚርሳድ፣ «ና እይ።»
እንደ ሐኪም መዳፉን ሆዷ ላይ አሳርፎ
በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ቢያደርጋት፣ ገባ ቀድዶ፣ አልፎ።
ብረት ያልኩት ሁሉ የረጠበ ዳቦ፤
ቡናማ ዱቄቱ በጫማው ላይ ዘንቦ።

«ጨው ነው» አለ፣ እጁን በጨርቅ እያበሰ፤
«በረዶ እንዲያቀልጥ መንገድ ላይ የፈሰሰ።»

ሳቅ መጣብኝ።
በአያቶቼ ዘመን ጨው ነበር ገንዘቡ፣
አሞሌ ነበረ ግብሩም፣ ጥሎሹም፣ ቀለቡ፤
ጎተንበርግ ላይ ግን ገንዘብ ነው ምግቡ።

አርብ ሌሊት ስልኩ በአረንጓዴ ጽፎ
«ሁለት ሺህ ክሮነር» ብሎኝ ነበር።
ስንዱ ግን በቀን መቁጠሪያው ጀርባ፣ በልጃችን እርሳስ፣
ትቀንሳለች፦ ከአራት አንዱ ለድርጅቱ፣ ቤንዚን፣ ኢንሹራንስ፣
የበረዶ ጎማ፣ የበጋ ጎማ፣ ፍሬን፣ ዘይት ማደስ፤
«ከላንድቬተር ባዶህን የተመለስክበትስ?
እሱን ማን ከፈለህ?»
ዝም አልኩ።
የቀረውን ለሰዓቱ አካፈለች፤
ቁጥሩን ግን አላነበበችልኝም።

ያልነገርኳት አለ።
ሽንቴን ይዤ ከድልድይ ድልድይ መዞሬን፣
ስነሣ አብሮኝ የማይነሣውን ግራ ወገቤን፤
«ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ተብሎ ለጨው የተነገረውን
እኔ መፈጸሜን፦
ለሰካራም ስቄ፣ ለሰዳቢ ስቄ፣ ለአምስት ኮከብ ብዬ፣
ትውከት ጠርጌ ንጋት ላይ፣ በገዛ ፎጣዬ።

ደግሞ ያቺ ማታ፣ ከሂሲንገን ማዶ፣
ከኋላ መጣብኝ አንድ ቫን፣ አንሸራቶት በረዶ።
የኢንሹራንሷ ሴት፣ በለሰለሰ ድምፅ፦
«ተሳፋሪ ይዘህ ነበር? ወይስ እየጠበቅህ? ወይስ ወደ ቤትህ?»
ስጠብቅ ነበር አልኳት።
ስጠብቅ የማንም አይደለሁም ለካ፤
የስልኩም አይደለሁ፣ የራሴም አይደለሁ፣
በሁለት ጥሪ መሀል ባለቤት የሌለኝ ዕቃ።

«ስንት ጊዜ ትቆያለች?» አልኩት ሚርሳድን።
«አንድ ክረምት። ብዙ ካልጣለ።»
ከሥሯ ወጥቼ ቀና ልል ብሞክር ወገቤ ተናገረ፤
እሱም ሰማ መሰለኝ፣
እንደ እሷ አየኝ፣ ከታች ወደ ላይ።

ያኔ ስልኩ ጮኸ።
አራት ደቂቃ ርቆ የሆነ ሰው ይጠብቃል።
ክቡ እየጠበበ ነው፦ አሥር ሰከንድ፣ ዘጠኝ፣ ስምንት...
አውራ ጣቴ ከእኔ ቀድሞ ተነሣ።
ሚርሳድ ማንሻውን ያዘ፤
«ቆይ እንጂ» አለ፣ «መጀመሪያ ላውርዳት።»