ትራስ ላይ የሰጠመው

ፀሐይ ፊቷን ነሥታ፣ ታኅሣሥ እኩሌታ፣
ሎፎተን ደሴት ላይ፣ ቀኑ መስሎ ማታ፣
ኢንግቫልድን አመጡት፣ የሠላሳ ዓመት ሰው፣
ዐሥራ ሁለት ክረምት ማዕበል ያልወሰደው።
«ጉንፋን ነው» አለኝ፣ በሳል መሐል ቀልዶ፤
ኢንፍሉዌንዛው ግን፣ በጉሮሮው ወርዶ፣
ከሳንባው ሕዋሳት አንዷን ሰብሮ ነበር።
እርሷም ሳትሞት በፊት ጮኸች ለመንደር፤
ኢንተርፌሮን ላከች፣ ጎረቤት እንዲነቃ፦
«እኔስ አለቀልኝ፤ ዝጉ በሩን በቃ!»
መልካም መልእክት ነበር፣ እዚያው ላይ ቢያበቃ።

አዋጅ አዋጅ ወልዶ፣ ጥሪ ጥሪን ጠርቶ፣
ሳይቶካይን ሁሉ ነጋሪቱን መትቶ፣
ዘማች ጎረፈበት፤ የደም ሥሩ ላላ፤
ያ ሰፊ ሳንባው ውስጥ ውሃ ገባ፣ ሞላ።

ውጤቱን አየሁት፤ ቫይረሱ ቀንሷል።
ደግሜ አነበብኩት። አዎን፣ ቀንሷል።
ሌባው ወጥቶ ሄዷል፤ ዘበኛው ግን ገና
ምሰሶ ይቆርጣል፣ ሌባ መስሎታልና።
መድኃኒት ሰጠነው፣ ነጋሪቱን ሊያበርድ፤
ዘገየ።
በሦስተኛው ሌሊት፣ ባሕር የፈራው ሰው
በደረቅ አንሶላ፣ ትራስ ላይ ሰጠመ።

እናቱ ቦርጊልድ፣ ሰባን ያለፈችው፣
በዚያው ሳል ታማ በሾርባ የዳነችው፣
«ኦድላውግ» አለችኝ፣ «ማን ነው የገደለው?»
«የገዛ ጠባቂው» ልል አፌ ዳዳና
ጓንቴን አወለቅሁ።

ዛሬም ጭጋግ ሲወርድ፣ ወደቡ ዳር ያለው
ደወል ይጮኻል፣ ጀልባ እንዳይላተም።
ሰው በድምፁ ይጽናናል። እኔ ግን
ቆሜ የማደምጠው
መቼ ዝም እንደሚል ነው።