አራተኛው መስኮት

ኦስሎ ውስጥ፣ ከወደቡ ጀርባ፣ ከሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ሃያ ስድስት ክረምት ተቀምጬ ሳይ
የሰው አገር መርከብ፣ የሰው አገር ሰማይ፣
ያን ምድር አንድ ቀን አልረገጥኩም በእግሬ፤
የማውቀው ከላይ ነው፣ በጥቁር በነጩ፣ በአጉሊ ቆጥሬ።

በረዶ ይናገራል፣ ለሚያዳምጥ ሰው፤
ከታንኩ ጀርባ ላይ ሟሙቶ ከፈሰሰ፣ ሞተሩ ሞቋል፣ ነቅቷል ማለት ነው፤
ካልሟሟ ግን፣ አንድም ተኝቷል፣
አንድም እንጨት ነው፣ ቀለም ተቀብቶ ለእኔ ዓይን ተገትሯል።
የዳቦ ቤቱ ጭስ ከወፈረ፣ አፍ በዝቷል፤
የምሰሶ ቁመት ከጥላው ይሰላል።

ቆጠራስ ቀላል ነው። ያስጨነቀኝ ቃሉ።
መድፍ ጥላ አለው፤
ሐሳብ ጥላ የለው።
አለቃዬ ሃልቫርድ ቱፍቴ፣ በቀይ እርሳሱ ጫፍ ወረቀቴን እየወጋ፦
«‹ይሆናል› ትያለሽ። የቱን ነው ‹ይሆናል›?
ቁርጡን ነው? ወይስ ግን ‹እንጃ፣ ይሆናል›?
ሚኒስትሩ እንደሁ፣ ቁርሱን እየበላ፣ ሦስት መስመር ያነባል።»

ስለዚህ ቃላቱን እንደ ሚዛን ድንጋይ ደረደርናቸው፦
«አይመስልም» ከታች፣ «ይመስላል» ከመሃል፤
ከሁሉም በላይ «ሳይሆን አይቀርም»፣
ሁለት አሉታ ተደጋግፈው የሚቆሙበት፣
እርግጠኛ ያልሆነ ሰው እርግጠኛ የሚመስልበት።

በኅዳር ማለቂያ፣ በአንዱ ሌሊት፣
ባሌ ኦድቫር ዕቃውን ከቤት አወጣ፦
ቁም ሣጥን፣ የዓሣ መረብ፣ የእናቱን የግድግዳ ሰዓት።
የጦር መርከብ ሲለቅም የኖረው ዓይኔ
ያችን የኪራይ ጭነት መኪና ለማየት ወኔ አጣ።
ቢሮ ቀረሁ። ሥራ አልነበረኝም።
ካፖርቴን ሳላወልቅ፣ መብራቱን ሳላጠፋ፣
ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋሁ ነጋ።

በሳምንቱ ፎቶ መጣ። ሰባት መርከብ ወደቡን ለቋል፣
ያለ ወጉ፣ ያለ ወቅቱ ወጥቷል።
«ሳይሆን አይቀርም» ብዬ ጻፍኩ፤
ሃልቫርድ እርሳሱን አላነሣም።
የእኛም ጀልባዎች ሞተር አሞቁ፤ የወታደር ፈቃድ ተሰረዘ።
አንድ የሃመርፌስት ልጅ ሠርጉን ወደ ጸደይ ገፋው፤
ሙሽራዪቱ፣ አሉ፣ እስከ ጸደይ አልጠበቀችም።
ከዚያ ምንም አልሆነ። መርከቦቹ ተመለሱ።
እኛም «ሥጋቱ ረገበ» አልን፣ ሥጋቱን እንዳወቅነው ሁሉ።

ዘመን አለፈ፤ ያ አገር ስሙን ቀየረ፣ መዝገቡም ተከፈተ።
አንድ ቀን ከበሬ ሥር ደብዳቤ አገኘሁ፣
ከዚኖቪ ሎስኩቶቭ፣ ከማላውቀው ሽማግሌ።
በኤምባሲያቸው የባህል ጉዳይ ጸሐፊ ነበር፣ ለወጉ ያህል።
ማታ ማታ ግን፣ ውሻውን ሲያናፍስ፣
የሕንፃችንን መስኮት ይቆጥር ነበር፤
የበራው ከበዛ፣ ጦር ሊሰበቅ ነው ብለው ነግረውታል።
ቢጫ የሆነ ግልባጭ አብሮ ልኳል፦

«ሦስተኛ ፎቅ፣ ከግራ አራተኛው መስኮት፣ ሲበራ አድሯል።
የቀሩት ጨልመዋል፤ ይህም ለማዘናጋት ሊሆን ይችላል።
ዝግጅት ሳይሆን አይቀርም።»

ቀኑን አነበብኩት።
ደግሜ አነበብኩት።
ሰባት መርከብ በእኔ መብራት ወጣ፤
በሰባቱ መርከብ የእኛ ጀልባ ወጣ፤
ጦር ሊመጣ ነበር፣ ኦድቫር ሰዓት ይዞ ከቤቴ ስለወጣ።

ከሊንደኑ ዛፍ ሥር ውሻ የያዘ ሰው አንዳንዴ አይ ነበር።
ሁሉን ስቆጥር ኖሬ፣ እሱን አልቆጠርኩትም።

ከግርጌ በእጁ ጨምሯል፣ ጡረተኛ ለጡረተኛ፣ በትሕትና፦
«እባክዎ፣ ያን ሌሊት ምን ይሠሩ ነበር?»
መልሱን ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ ቀደድኩት።
«ምንም» ብለው አያምንም፤
በእሱ ቦታ ብሆን እኔም አላምንም።
በመጨረሻ የላክሁለት አንድ መስመር ነው፦
«የውሻዎ ስም ማን ነበር?»